ለእታገኝ የሚሆን ማርሽ

ባለፈው ሳምንት የእህቴን የልጅ ልጅ ቤዛን ይዤ ብስክሌት ልገዛላት ከመርሳ ወልድያ ወጥቼ ነበር። ልጅቷ ብስክሌት ካልተገዛልኝ ብላ እናቷን መውጫ መግቢያ አሳጥታታለች፤ እኔ ደግሞ የድሮ ሹፌር ስለሆንኩ ማርሽ የሚያውቅ ሰው ይምረጥላት ተብዬ ተላክሁ። ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ብስክሌቶቹ እንደ ልኳንዳ ሥጋ ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል፤ ሃያ አንድ ማርሽ ያለው ሁሉ አለ። ሃያ አንድ ማርሽ ምን ይሠራል? እኔ የነዳኋት ኤንትሬ የጭነት መኪና ያን ሁሉ ኩንታል ጭና ከነተሳቢዋ ዳገት ስትወጣ እንኳ የማርሿ ብዛት የዚህን ግማሽ አይሞላም ነበር። ሻጩ ጎረምሳ ነው፤ ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ወትፏል። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳያዳርስ «አባባ፣ ልጅቷ የምትነዳው የት የት ነው? ዳገት አለው? በስንት ሰዓት ነው የምትሄደው? ቦርሳ ትሸከማለች?» ሲለኝ ደሜ ፈላ። «አንተን ምን አገባህ? ማን ጠይቅ አለህ?» ብዬ ጮህሁበት። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቤዛ በሻርፗ ፊቷን ሸፍና «አባባ፣ ማርሽ ሊመርጥልኝ እኮ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን እኔ ያንን ጥያቄ በሌላ ዘመን ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ እዚያው ወልድያ፣ ከዚያ ሱቅ ብዙም ሳይርቅ።

ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር። ጦርነት ስል የትኛውን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኛ አገር ጦርነት አንድ ብቻ አይደለምና። የቅርቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እሱን ተዉት። እኔ የምለው የፊተኛውን ነው፤ መንግሥት ከተማውንና አስፋልቱን ይዞ፣ ሌሎቹ ተራራውን ይዘው፣ እኛ መሃል ላይ የቀረንበትን። ዓመቱን አትጠይቁኝ። በዚያ ዘመን መርሳ ላይ ብርቱካን በነጻ ሊሰጥ ምንም አይቀረውም ነበር፤ የሚጭነው መኪና ስለሌለ ዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ሸንኮራ በአሥር ሳንቲም፣ ሻይ በአሥራ አምስት ነው፤ ስኳሩ ግን ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ካልሆነ አይገኝም። የደላው ሰው ቴትሮን ሱሪ፣ ያልደላው ካኪ ይለብሳል፤ እግር ላይ ያለው ላስቲኩ ኮንጎ ጫማ ነው፤ በበጋ እግር ይቀቅላል። አስፋልቱ ዳር ያለው ሻይ ቤት ቴፕ ነበረው፤ ከሰዓት በኋላ አምባሰል ያሰማል። የማይታወቅ ሰው ከገባ ግን ባለቤቱ ቀስ ብሎ ድምፁን ይቀንሰዋል። አምባሰል ምን አጠፋ? ምንም። ግን የሐዘን ዜማ የሚያዳምጥ ሰው ለማን እንዳዘነ ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ሰው «ደህና አደርክ?» ሲልህ የእኔ ደህና ማደር ለምን አስፈለገው ብለህ ታስባለህ። ያን ጊዜ የለመድኩት ጥርጣሬ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንተ እኮ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቃለህ» ትለኝ ነበር። ልትቀልድ ነው እንጂ እሷም ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ታውቃለች።

እናትና አባታችን በአንድ ክረምት ተከታትለው ሲሞቱ እህቴ እታገኝ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ «ጋሼ» ነው የምትለኝ። የስምንተኛን ፈተና አልፋ ዘጠነኛ ክፍል ወልድያ ስትመደብ ሰፈሩን በእልልታ አደባለቅነው። ደስታችን ግን ብዙም አልቆየም። መኪናዬን ለዘመቻ ወስደውብኛል፤ እኔንም አብረው ሊወስዱኝ ነበር፤ በርሜል ወድቆብኝ እግሬ ስለተሰበረ ተዉኝ። በምርኩዝ ነው የምሄደው። አውቶቡስ የለም። የሚንቀሳቀሰው መኪና ወታደር ጭኖ በአጀብ የሚሄድ ነው፤ እዚያ ላይ ሴት ልጅ ብቻዋን አትሳፈርም። ወንድ ልጅ በእግሩ ቢሄድ መንገድ ላይ ታፍሶ ይቀራል። ሴት ልጅን ግን ይለፍ ወረቀት ካላት ኬላው ያሳልፋታል። ትምህርቷ የከሰዓት ፈረቃ ነው። እንግዲህ ሰኞ ሲነጋ ከመርሳ ተነስታ፣ በስሪንቃ በኩል ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ፣ ደወል ሳይደወል ወልድያ መድረስ አለባት፤ ሳምንቱን ዘመድ ቤት አድራ ቅዳሜ ጠዋት ትመለሳለች። ባዶ እጇንም አይደለም፤ የሳምንት ስንቋን፣ ድርቆሹንና በሶውን ተሸክማ ነው።

አክስታችን እትዬ የሺ ደግሞ ይህን ሲሰሙ ቤቴ መጥተው ቁጭ አሉ። ግራና ያለ አንድ ነጋዴ እታገኝን ለልጁ አስጠይቋል፤ መልእክተኛዋ እሳቸው ናቸው።

«ሲሳይ፣ ሴት ልጅ መንገድ ላይ ከምትቀር ባሏ ቤት ትግባ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ። ብስክሌት እገዛላታለሁ።»

«ብስክሌት? በቀሚስ?»

«በቀሚስ።»

«እንግዲያው ስማኝ። መመላለስ ከቻለች ትመላለስ። ካቃታት ግን ሽማግሌዎቹ ለጥምቀት ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ወይ ፍንክች ብትለኝ አልሰማህም።»

እታገኝ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። እሳቸው ሲወጡ መጣችና «ጋሼ፣ እችላለሁ» አለችኝ።

ወልድያ ጎንደር በር አካባቢ ጌታሁን የሚባል ብስክሌት የሚያከራይና የሚጠግን ሰው ነበር። ሁልጊዜ ሰማያዊ ቱታ ይለብሳል፤ ሲጋራውን ሳይለኩስ ከንፈሩ ላይ ያቆየዋል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። የኮምቦልቻ ሰው ነው ይላሉ፤ የኮምቦልቻ ሰዎችን ስትጠይቅ ደግሞ እኛ አናውቀውም ይሉሃል። የሰው ለቅሶ ይደርሳል፤ እሱን ግን መርዶ ሊያረዳው የመጣ ዘመድ ታይቶ አያውቅም። ዘመድ የሌለው ሰው ያስፈራል። ወታደሮቹ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ከእሱ ጋር ይሳሳቃሉ፤ ከተራራው የወረደ ገበሬም ደጃፉ ላይ ቆሞ ይታያል። ብስክሌት የሌለው ገበሬ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ምን ይሠራል? ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ባለ ማርሽ ብስክሌት ያለው ሌላ ሰው በዚያ አካባቢ አልነበረም፤ የነበሩት ሁሉ ማርሽ የሌላቸው፣ እንደ ጋሪ የከበዱ ናቸው። እያወቅሁ ሄድኩ። አጀብ ላይ ያለ አንድ የድሮ ጓደኛዬን ለምኜ ጋቢና ውስጥ ተደብቄ ወልድያ ገባሁ።

ጌታሁን አረንጓዴ የሴት ብስክሌት አወጣልኝ፤ መሃሉ ዝቅ ያለ፣ በቀሚስ የሚወጡበት፣ ባለ አምስት ማርሽ። ወደድኩት። መውደዴን እንዳያውቅብኝ ፊቴን አኮሳተርኩ።

«ለማን ነው?» አለኝ።

«ለእህቴ።»

«ቁመቷስ?»

እጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አሳየሁት።

«ጉልበት አላት? ውሃ ትቀዳለች?»

«ትቀዳለች።»

«ጥሩ። የት የት ነው የምትነዳው? በስንት ሰዓት ትነሳለች? ኋላዋ ላይ ምን ትጭናለች? ብቻዋን ናት ወይስ ከሰው ጋር?»

እናንተዬ፣ በዚያ ዘመን አንዲት ልጅ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይዛ፣ ከማን ጋር እንደምትሄድ የሚጠይቅ ሰው ምንድነው? ጆሮ ጠቢ ነው፤ ካልሆነም ከዚያ የባሰ ነው።

«ሐራ ነው የምንኖረው» አልኩት። «ሜዳ ለሜዳ ነው። ገበያ ደርሳ ትመለሳለች።»

እጁን በጨርቅ ጠረገና የኋላውን ጎማ አዞረው። «ለሐራ ሜዳ ከሆነ ይህ የኋላ ጥርስ ይበቃታል። ትንንሽ ነው፤ ሜዳ ላይ ያስሮጣል። ዳገት ከሆነ ግን ጉልበቷን ይጨርሰዋል፤ ትልልቅ ጥርስ ልቀይርላት ይገባል። ማርሽ እኮ እንደ ልጁና እንደ መንገዱ ነው አቶ ሲሳይ። መንገዱን ሳላውቅ የሚሆናትን ልሰጥዎ አልችልም።»

ልብ በሉ፣ ስሜን አልነገርኩትም ነበር።

«ሜዳ ነው አልኩ እኮ።»

አየኝ። እኔም አየሁት። «እሺ፣ ሜዳ ነው» አለና ያንኑ ትንንሽ ጥርስ ያለውን ሰጠኝ። ዋጋውን ብዙም አልተከራከረም፤ ያም አላማረኝም። ሻጭ ካልተከራከረ ወይ ዕቃው የተሰረቀ ነው ወይ ሌላ የሚፈልገው ነገር አለ። ዛሬም ብትጠይቁኝ መንገዷን ባለመናገሬ አልጸጸትም። እህቴን ነው የደበቅሁት።

እታገኝ ግቢያችን ውስጥ በአንድ ሳምንት ብስክሌት ለመደች፤ የሰፈሩ ሴቶች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ይስቁባታል፤ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ትዞራለች። እኔ ደግሞ ከማውቀው አስተማርኳት። እኛ ሹፌሮች ቁልቁለት ላይ አንድ ሕግ አለን፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ዳገቱን በአንደኛ ወጥተህ ከሆነ ቁልቁለቱንም በአንደኛ ትወርዳለህ፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬንህ አይቃጠልም። ይህን ሕግ ንቀው ገደል የገቡ ስንቶቹን ቀብሬያለሁ። «ፍሬኑን አትመኚው» አልኳት፤ «በማርሹ ያዥው።» እሺ አለች። መቼ እምቢ ብላኝ ታውቃለች።

የመጀመሪያው ሰኞ ዳገቱ ላይ አብዛኛውን ብስክሌቱን እየገፋች ነው የሄደችው፤ ማርሹ አልነቃነቅ አላት። ስትደርስ ደወል አልፎ በሩ ተዘግቷል። ቅዳሜ ስትመለስ ደግሞ ከስሪንቃ ወዲህ ባለው ቁልቁለት እኔ እንዳልኳት ፍሬኑን ትታ ማርሹን አመነች፤ ብስክሌቱ ይዟት በረረ፤ ቦይ ውስጥ ጣላት። ጉልበቷ ተልጦ፣ ቀሚሷ ተቀዶ ገባች። እትዬ የሺ አይተው «እግዜር አተረፈሽ» አሉና ቁስሏን በጨው ውሃ እያጠቡላት ወደ እኔ ዞር ብለው በዓይናቸው ብቻ ጥምቀትን አስታወሱኝ። እኔ በበኩሌ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ጌታሁን ማርሹን አበላሽቶ ነው የሸጠልኝ። ሆን ብሎ ነው። ለምን እንደሆነ ባላውቅም አንድ ነገር አስቦ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እታገኝ ከወትሮው ቀደም ብላ መጣች። ላብ እንኳ አላላባትም። ፊቷ በርቷል። ጠረጠርኩ።

«ምን ተገኘ?»

«ጋሼ፣ እየው!» ብላ የኋላውን ጎማ አዞረችልኝ። ጥርሱ ተቀይሯል፤ ትልቁ የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን ያህላል። «ዳገቱን ተቀምጬ ነው የወጣሁት። አንድ ቦታ ብቻ ነው የወረድኩት። ቁልቁለቱን ደግሞ ፍሬን እየነካካሽ ውረጂ አለኝ፤ ብስክሌት ሞተር ስለሌለው ማርሹ አይዝሽም አለኝ። የነገረሽ ሰው ሹፌር ነው? ብሎ ሳቀ።»

«ማን?»

«ጋሽ ጌታሁን። ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። ሐራ እንዳልሆንን፣ ከመርሳ እንደምመጣ።»

«ሌላስ ምን ነገርሽው?»

«የጠየቀኝን ሁሉ። ሰኞ ስንት ሰዓት እንደምነሳ፣ ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደምመለስ፣ የት ጋ እንደሚደክመኝ። ካልነገርኩት እንዴት ይመርጥልኛል?»

ተቀመጥኩ። ሰዓት እንድትቀይር ለመንኳት፤ «ደወሉ እኮ አይቀየርም ጋሼ» አለችኝ። እውነት ነው፣ ደወሉ አይቀየርም። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰኞዎችና ቅዳሜዎች እንዴት እንዳሳለፍኩ እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። ልጅቷ ታድጋለች፣ ጉልበቷ ይጠነክራል፣ ከክፍል ደረጃ ይዛለች፤ እትዬ የሺ እንኳ ዝም ብለዋል፤ እኔ ግን አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ያ ሰው የእህቴን ሰዓት ለማን ሸጠው እያልኩ እቆጥራለሁ። ለወታደሮቹ? ለተራራው ሰዎች? የተማሪ ልጅ ሰዓት ለማን ምን ይጠቅማል? ጥርጣሬ ግን መልስ ባያገኝም አይጠፋም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እዚያው ድንጋዬ ላይ ሆኜ ከወልድያ በኩል ተኩስ ሰማሁ። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፤ ኋላ እንደ በቆሎ ቆሎ ተንጣጣ። ብርቱካን ሻጮቹ ቅርጫታቸውን ጥለው ሮጡ። እኔ ወዴት እሮጣለሁ? በምርኩዜ ቆምኩ። ሰዓቱ የእሷ ሰዓት ነው፤ ቦታውም፣ ጭሱ እንደሚያሳየው፣ በዚያ ሰዓት እሷ የምትደርስበት መታጠፊያ ነው። በልቤ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ጌታሁን። ከሰዓት በኋላ ከዚያ የተረፉ ሰዎች እየተንጠባጠቡ መጡ። አህያ የሚነዱ ነጋዴዎች መሃል ላይ ገብተው አልቀዋል አሉ። ብስክሌት የያዘች ልጅ አይታችኋል? አላየንም። ማን ጀመረው? አንዱ እነሱ ናቸው ይላል፣ ሌላው እነዚያ ናቸው ይላል፤ የመርሳ ሰው እስከ ዛሬ አልተስማማበትም። እትዬ የሺ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ፤ እኔ ዕንባዬ አልመጣ አለኝ።

እሁድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲበተን እታገኝ ብስክሌቷን እየነዳች መጣች። ዓይኗ አብጧል። መታጠፊያው ጋ ያየችውን ዛሬም አልነገረችኝም። ያን ዕለት የነገረችኝ ሌላ ነገር ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ጎማዋን ነፋ ነፋ ልታስደርግ ጌታሁን ጋ ጎራ ብትል ነጥቆ የኋላ ጎማዋን ፈታባት። ማርሹ ግሪስ ይፈልጋል፣ ነገ ነይ አላት። ጋሼ ይጠብቀኛል ብላ ብትለምነው ጮኸባት፤ ብታለቅስ ሱቁን ቆልፎ ጎማውን እንደያዘ ሄደ። «እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም» አለችኝ። «ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ጎማውን ሲገጥምልኝ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።»

ገባኝ። ሰውየው ያውቅ ነበር። መንገዱ በዚያ ጠዋት፣ በዚያ ሰዓት እንደሚነድ ያውቅ ነበር፤ ከሁለቱ ወገን የአንዱ ሰው ያልሆነ ደግሞ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ስጠረጥረው የኖርኩት በከንቱ አልነበረም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ፤ ደስ አላለኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት ቀበሌ ተጠራን፤ እኔ፣ እሷና ብስክሌቱ። ሊቀመንበሩን ናፍጣ ሲቀዳ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አሁን ጠረጴዛ አለው። የእታገኝ ይለፍ ወረቀት ፊቱ ተዘርግቷል፤ ማኅተሙን በእጁ ያገላብጣል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ሰዓት የሚወርደው ሁሉ ወርዷል» አላት። «አንቺ ብቻ ቀረሽ። አትሂጂ ያለሽ ማነው?»

መልሷን ሳይጠብቅ ወደ እኔ ዞረ።

«ሲሳይ፣ ስሙን ስጠኝና ወረቀቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይታተማል። ካልሰጠኸኝ ልጅቷ ከመርሳ አትወጣም።»

ስሙ ምላሴ ላይ ነው። መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያልወደድኩት፣ ዘመድ የሌለው፣ ስሜን ከየት እንዳገኘ ያልገባኝ ሰው ነው። እሱን ብሰጥ እህቴ ትማራለች፤ ባልሰጥ ወረቀቷ ይቀራል፣ ጥምቀት ደግሞ ደርሷል። አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደከፈትኩት እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እታገኝ ቀደመችኝ።

«ማርሹ ተበላሽቶብኝ ነው» አለች።

«ማን ሠራልሽ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ ፈጥኜ።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «አንተ ቅዳሜ ወልድያ ነበርክ? ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ አይደል ሰው ሁሉ ያየህ?»

አበቃልን አልኩ። እታገኝ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «ጋሼ ለእኔ ብሎ ነው። ራሴው ፈትቼ ራሴው ገጠምኩት። መፍቻ ካለ እዚሁ ላሳይህ።»

መፍቻ ተገኘ። ልጅቷ ብስክሌቱን ገልብጣ በኮርቻው አቆመችው፤ የኋላውን ጎማ ፈታች፣ ካቴናውን አወረደች፣ ጥርሱን ጠረገች፣ መልሳ ገጠመች፣ ማርሾቹን አንድ በአንድ እየቀየረች አዞረች። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ያያሉ። እጇ እስከ ክርኗ ጥቁር ሆነ፤ አንድ ጊዜም አልተሳሳተች። ያ ሰው በየሳምንቱ ሲያስተምራት እንደኖረ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ እሷም አልነገረችኝም ነበር። ለካ ቤቴ ውስጥም የሚደበቅ ነገር አለ።

ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ወረቀቱን ለእሷ ሰጣት፤ ብስክሌቱን ግን ለጠባቂው። «እንዲህ በደንብ የሚሠራ ከሆነ ለዘመቻው ይጠቅማል» አለ። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ይግባኝ የለውም። እታገኝ እጇን እየጠረገች «በእግሬም ይደረሳል» ብላ ቀድማኝ ወጣች።

በእግሯ ደረሰች። ያን ዓመትም፣ ከዚያ በኋላ ያሉትንም፤ አንዳንድ ሳምንት መንገዱ ተዘግቶ ብትቀርም ጨረሰች። ግራና ያለው ነጋዴ ለልጁ ሌላ አገባለት። እታገኝ ስንት ዓመት አስተምራ አሁን ጡረታ ወጥታ ደሴ ነው ያለችው፤ የራሷን ባል ራሷ መርጣ፣ በራሷ ጊዜ አገባች። ጌታሁንን ስናነሳ «ደግ ሰው ነበር» ትላለች። እኔ ደግሞ የማን ደግ? እላታለሁ። ከተማው እጅ የቀየረ ዕለት ሱቁ ተቆልፎ ተገኘ፤ ከሚገቡት ጋር አየነው ያሉ አሉ፣ ከሚወጡት ጋር አየነው ያሉም አሉ። እነዚያ መታጠፊያው ጋ የቀሩት ነጋዴዎችም እህት ነበራቸው። ለእነሱ ማንም ጎማ አልፈታላቸውም። ይህን ሳስብ ደግ ሰው ነበር ማለት ያቅተኛል።

ግን አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ብስክሌቱ በተወሰደ ሳምንት ያን አጀብ ላይ ያለውን ጓደኛዬን እንደገና ለምኜ ወልድያ ወጣሁ። ጌታሁን አንድ የጎማ ቸርኬ ጭኑ ላይ አድርጎ ያቃናል። ሲያየኝ አልተነሳም።

«ስሜን ጠየቁ?» አለኝ።

«ጠየቁ። ማርሽ ነው አልናቸው። ብስክሌቱን ወሰዱት።»

ራሱን ነቀነቀ። ደጃፉ ላይ ሰው አለመኖሩን አየሁና ጠጋ አልኩት።

«እኔ እርስዎን አላምንዎትም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«መንገዱ መቼ እንደሚነድ ግን ያውቃሉ። ሰኞ ሰማይ ሳይቀላ ከቤት ትወጣለች። አሁን በእግሯ፣ በአስፋልቱ ነው፤ ስሪንቃ ላይ ውሃ ትጠጣለች፤ ስድስት ሰዓት አካባቢ ትገባለች። ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳለች። ብቻዋን ናት። አቋራጭ አትገባም። ስንቋን ጀርባዋ ላይ ነው የምታዝለው።»

ቸርኬውን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋራውን ከከንፈሩ አወረደው።

«ምን ዓይነት ጫማ ነው ያላት?» አለኝ።

ነገርኩት።